ያልነቀልሁት ጥርስ

ወረታ ሥራ በጀመርሁበት ቀን የመጀመሪያው ታካሚዬ ገና ሰላም ሳልለው በር ላይ እንደ ቆመ አፉን ከፍቶ የታመመ ጥርሱን በጣቱ አሳየኝ። የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። "ይችን ነው። ቶሎ በይልኝ፣ መኪናዬን መንገድ ዳር አቁሜ ነው የመጣሁት" አለኝ። ከእሱ በኋላ የገቡትም ጥያቄያቸው ያው ነበር፤ ንቀይልኝ። ከምሳ በፊት ቀኝ እጄ ዝሎ የመንቀያ ጉጠቱን በግራዬ ስደግፍ አለቃዬ አይተውኝ ሳቁ።

አለቃዬ ዶክተር ሙሉቀን ይባላሉ። የደብረ ታቦር መንገድ ከጎንደሩ መንገድ ከሚገነጠልበት ትንሽ ገባ ብላ ያለችውን ክሊኒክ የከፈቱት እሳቸው ናቸው። እኔ ከደብረ ማርቆስ የመጣሁ ነኝ፤ የጥርስ ሕክምና ትምህርቴን ገና መጨረሴ ነበር። ያን ቀን ማታ እጄን ስታጠብ ጠጋ አሉና "ውብአለም፣ እዚህ ሰው ጥርሱን ይዞ የሚመጣው ሊቀብረው ነው። የሚድን ካገኘሽ ግን አትቅበሪው" አሉኝ።

ሥራውን ከዚያች ቀን ጀምሬ ወደድሁት። ለላይኛውና ለታችኛው፣ ለግራውና ለቀኙ መንጋጋ ጥርስ የተለያየ ጉጠት አለ፤ ጠዋት ጠዋት ከመቀቀያው እያወጣሁ በየተራቸው ስደረድር ደስ ይለኝ ነበር። መብራት ሲጠፋ መስኮቱን ከፍተን፣ በባጃጅና በመኪና ጡሩምባ መሀል፣ በቀን ብርሃን እንሠራለን። ታካሚው ጡሩምባ በተነፋ ቁጥር ይደነግጣል፤ እኔ ለመድሁት።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ወይዘሮ ጥሩወርቅ መጡ። የቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ገበሬ ናቸው፤ ሃምሳ ዓመት ቢሆናቸው ነው። ነጠላቸውን ከአገጫቸው እስከ አናታቸው ጥብቅ አድርገው አስረውታል። ባለቤታቸው አቶ ፈንታ ጃንጥላ ይዘው ከኋላ ገቡና ጥግ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

"ልጄ፣ ይችን የቀረችዋን መንጋጋ ንቀይልኝና ልረፍ" አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ።

አፋቸውን እንዲከፍቱ ጠየቅኋቸው። የምመለከትበት መስታወት በመከራ ገባ። በግራ በኩል ታች፣ መንጋጋ ጥርሶች ሊኖሩበት የሚገባው ቦታ ባዶ ነው፤ አንዲት ብቻ ቆማለች።

"እትዬ፣ የዚህ ወገን ጥርሶች የት ሄዱ?"

"አስነቀልኋቸው። አንዱን ስነቀል ለጥቂት ቀን ይተወኛል። ከዚያ ወደሚቀጥለው ይዘላል። አሁን የሚዘልበት ይችው ቀረች።"

ጥርሷን በመስታወቱ እጀታ መታ መታ አደረግኋት። በቀዝቃዛ ጥጥ ነካኋት። ራጅ አነሳኋት። ምንም የላትም፤ እንዲያውም በዚያ አፍ ውስጥ ካሉት ሁሉ ጤነኛዋ እሷ ነበረች።

"ይች ጥርስ ደኅና ናት። አልነቅላትም" አልሁ።

"እሷ ደኅና ከሆነች እኔን ማን ነው የሚያመኝ?" አሉ በቁጣ። "ለስንት ዓመት እንጀራ በወጥ አርሼ ስውጥ ኖርሁ! ሳኝክ ጆሮዬ ሥር ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ጎኔ የተቀመጠ ሰው ይሰማዋል። አፍሬ ከሰው ጋር መብላት ትቻለሁ። ለብቻዬ ጓዳ ገብቼ ነው የምበላው። አንች ደግሞ ደኅና ናት ትይኛለሽ?"

ከወንበሩ ወረዱ። "ተነስ ፈንታ። ገበያ ውስጥ ያለው ሰውዬ ይነቅልልኛል።"

እንዲጠብቁኝ ለምኜ ወደ ዶክተር ሙሉቀን ክፍል ሮጥሁ። ራጁን ወደ መስኮቱ አንስተው አዩት።

"ጥርሷ ምንም የላትም" አሉ። "ግን ካልነቀልሽላቸው ውጭ ያስነቅሏታል። ባልተቀቀለ ጉጠት።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"አሳምኛቸው። በወሬ እንዳይመስልሽ። የታመመ ሰው በወሬ ሲያምን አላየሁም።"

በወሬ ካልሆነ በምን? ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሳስብ ድንገት መልሱ መጣልኝ። ማደንዘዣ! ትምህርት ቤት መምህራችን ያሳየን ነገር ነው፤ የተጠረጠረውን ጥርስ አደንዝዞ ሕመሙ ይቆም እንደሆነ ማየት። ወደ እሳቸው ተመለስሁ።

"እትዬ፣ እንስማማ። ጥርሷን በመርፌ አደነዝዛታለሁ። ሕመሙ ከተወዎት አሁኑኑ እነቅላታለሁ፣ ቃሌ ነው። ካልተወዎት ግን ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን።"

ባልና ሚስት ተያዩ። "እሽ፣ ውጊኝ" አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ።

ወጋኋቸው። ማደንዘዣው እስኪይዝ ስንጠብቅ እጄን የማስቀምጥበት ጠፍቶኝ ነበር። ሕመሙ ቢተዋቸውስ? ጤነኛ ጥርስ ልነቅል ነው፤ ቃል ገብቻለሁ።

"ከንፈሬ ወፈረ" አሉ በመጨረሻ። ጥርሷን መታሁ፤ ምንም አልተሰማቸውም። ድድዋን በሹል መሣሪያ ነካሁ፤ ምንም።

"ሕመሙስ?"

ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። "አለ" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ዓይናቸው ፈጠጠ። "አለ እኮ! ጥርሷ ሞታለች፣ እሱ አለ!"

"የት?"

ጣታቸው በዝግታ ተነሥቶ ከጆሯቸው ፊት ዝቅ ብሎ ቆመ። እኔ በሁለት ጣቴ ጉንጫቸው ላይ ያለውን ትልቁን የማኘኪያ ጡንቻ ፈለግሁና ጫን አልሁት። እንደ ገመድ ተወጥሯል። የእጄን አንጓ ለቀም አደረጉት።

"እሱ ነው! በእናቴ፣ እሱ ነው! እዚያው ነው!"

አቶ ፈንታ ከወንበራቸው ተነሡ። ዶክተር ሙሉቀን በሩ ላይ ቆመው ኖሯል። እኔ እልል ለማለት ምንም አልቀረኝም። ጠባቂው ከተገኘ ከብቱም ይገኛል እንደሚባለው፣ ሁሉም ነገር ተከታትሎ ይመጣ ጀመር።

"መቼ ነው የሚብስብዎት?"

"ጠዋት ስነሣ። አፌ አይከፈትም።"

"የሚያቀልልዎትስ ነገር አለ?"

"ወንዛዬ መሄድ። ፍል ውኃው ውስጥ እስከ ጆሮዬ ገብቼ ስቆይ ሕመሙ ልቅቅ ያደርገኛል። ቤቴ ስገባ ይመለሳል።"

የተቆጣ ጥርስ ሙቀት ሲያገኝ ይብስበታል፤ የተጨነቀ ጡንቻ ግን ይፍታታል። "ሌሊት ጥርስዎን ያፋጫሉ?" አልኋቸው።

"እኔ? ኧረ በጭራሽ!"

ጥግ ላይ ያሉት አቶ ፈንታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ታፋጫለች" አሉ። "እንደ ሩዝ መፈልፈያ ነው የምታጓራው።"

"አንተ! ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግረኝ?"

"በሕልምሽ የምትጣይው ከእኔ ጋር መስሎኝ ፈራሁ።"

ሁላችንም ሳቅን። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ግን በደነዘዘ ከንፈራቸው መሳቅ አልሆንላቸው ብሎ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ከሳቁ በኋላ አቶ ፈንታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ። አንድ ክረምት ወንዙ ሞልቶ ውኃው በሌሊት ቤታቸው ገብቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሚስታቸው ዝናብ በጣለ ቁጥር ጥርሳቸውን ነክሰው ነው የሚያድሩት። "ተኝታም ውኃውን ትጠብቃለች" አሉ።

በሌሊቱ ማፋጨት የተጎዳው የመንጋጋቸው ጡንቻና መገጣጠሚያ ነበር፤ ሕክምናው የላይኛውን ጥርስ ከታችኛው የሚለይ ነገር መሥራት ነው። ሌሊት ላይኛው ጥርስ ላይ የሚጠለቅ ጠንካራ የፕላስቲክ ልባስ አለ፤ ታካሚው ቢያፋጭም ጡንቻውና የመንጋጋው መገጣጠሚያ ያርፋሉ። ወረታ ላይ የሚሠራው አልነበረም። ዶክተር ሙሉቀን ግን ተነቃይ ጥርስ ይሠራሉ፤ የፕላስቲኩ ዱቄትም ፈሳሽም ጀሶውም አለ። "አንች ቅርጹን ታውቂያለሽ፣ እኔ ማብሰሉን አውቃለሁ። እንሞክረዋ!" አሉ፤ እንደ ተማሪ ነው ደስ ያላቸው።

መጀመሪያ ግን አፉ መከፈት ነበረበት። የጥርስ ልክ መውሰጃው እንኳ አይገባም። ስለዚህ ጠዋትና ማታ ጉንጫቸውን በሞቀ ጨርቅ እንዲይዙ፣ ለስላሳ ምግብ እንዲበሉ፣ ቀን ቀን ከንፈራቸውን ገጥመው ጥርሳቸውን እንዲያላቅቁ ነገርኋቸው።

"ቆሎስ?"

"ቆሎ የለም።"

"ጾሙን በምን ልለፈው ልጄ?"

"በአጥሚት።"

ፊታቸውን አኮማተሩ፤ ግን አደረጉት። በሚቀጥለው ቀጠሮ አፋቸው ልክ መውሰጃውን የሚያስገባ ያህል ተከፈተ። ልካቸውን ወሰድን፣ ጀሶ አፈሰስን፣ ልባሱን ሠርተን አብስለን ወለወልን። የመጀመሪያው ተሰነጠቀ። ሁለተኛው መስታወት መስሎ ወጣ፤ ዶክተር ሙሉቀን ወደ ብርሃኑ አንስተው እያገላበጡ ያዩት ነበር።

አፋቸው ውስጥ ካደረግሁት በኋላ ቀይ ወረቀት አስነከስኋቸው። ወረቀቱ ንክሻው የጠነከረበትን ቦታ ያቀልማል። ቀይ ምልክቱ በአንድ ወገን በዛ፤ በመሞረጃ ሞተሩ ትንሽ ሞረድሁት። እንደገና አስነከስሁ፣ እንደገና ሞረድሁ፤ በመጨረሻ ግራና ቀኙ እኩል ቀላ።

አቶ ፈንታ ቀረብ ብለው አዩት። "ይህማ ልጓም ነው" አሉ።

"ለአንተ ነበር የሚያስፈልገው" አሉ ሚስታቸው።

ከዚያ ክረምቱ በረታ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ በቀጠሯቸው ቀን ቀሩ። ስልካቸው አይሠራም። ልባሱ በየጊዜው ካልተስተካከለ ጡንቻው ሲለቅ ንክሻው ይቀየርና ሌላ ሕመም ያመጣል። ደግሞም ዝናቡ ሌት ከቀን ይወርዳል፤ ጥርሳቸውን የሚያስነክሳቸውም እሱ ነው። እንቅልፍ አጣሁ። ዶክተር ሙሉቀን አይተውኝ "ነገ ሂጂና እይ፤ ታካሚውን እኔ አያለሁ" አሉኝ።

ቀይ ወረቀትና የእጅ ሞረድ ቦርሳዬ ውስጥ ጨምሬ ወጣሁ። ባጃጁ ጭቃው እስከሚፈቅድለት አደረሰኝ። ከዚያ ጫማዬን በእጄ ይዤ ውኃ ውስጥ ሄድሁ። ውኃው በጠለቀበት ቦታ አንድ ሰውዬ በታንኳ አሻገረኝ። ሜዳው ሁሉ ውኃና አረንጓዴ ሩዝ ነው። ከብቶች ከፍ ያለችው መሬት ላይ ተጠጋግተው ቆመዋል።

ቤቱ ስደርስ ለሩዝ አረም ወንፈል የገቡ ጎረቤቶች ምሳ ቀርቦላቸዋል። ወይዘሮ ጥሩወርቅን ጓዳ ፈለግሁ፤ የሉም። ለካ መሶቡ ዙሪያ፣ በሁለት ሴቶች መሀል ተቀምጠው ይበላሉ! ደረቅ እንጀራ ቆርሰው፣ ሳያርሱ፣ በሁለቱም ወገን እያኘኩ ያወራሉ። አላዩኝም ነበር። በሩ ላይ ጫማዬን እንደ ያዝሁ ቆምሁ፤ እንባዬ መጣ።

"ውይ፣ ዶክተሯ! በዚህ ውኃ?" ብለው ተነሡ። "ቀጠሮውን ረስቼው እንዳይመስልሽ። መንገዱ ነው።"

"ቀጠሮውን ይተውት፣ አፍዎን ይክፈቱልኝ!"

ሦስት ጣቴን አንዱን ባንዱ ላይ ደርቤ በጥርሳቸው መሀል አስገባሁ። ገባ። ደኅና መንጋጋ የሚከፈተው ይህን ያህል ነው። "ሦስቱም ገቡ!" ብዬ ጮህሁ፤ ወንፈለኞቹ ምን እንደ ሆነ ሳያውቁ እልል አሉ። አቶ ፈንታ "አሁን ደግሞ እኔን እንቅልፍ ነሳችኝ፤ ዝም ስትል ምን ሆነች ብዬ እየነቃሁ አዳምጣታለሁ" አሉኝ።

ደጃፉ ላይ ብርሃን ባለበት አስቀምጫቸው ልባሱን በቀይ ወረቀትና በእጅ ሞረድ አስተካከልሁላቸው። ጎረቤቶቹ ከብበው ያያሉ። አንዲት ሴት ከመሀል ጆሮዋ ሥር በጣቷ እየነካች "እኔንም የሚያመኝ እዚህ ጋ ነው" አለች።

የወይዘሮ ጥሩወርቅ መገጣጠሚያ ፈጽሞ ዝም አላለም። አንዳንዴ ቀጭ ይላል፤ ክፉ ክረምት ሲመጣ ሕመሙም ይጎበኛቸዋል። ያኔ ሞቅ ያለ ጨርቅ ይይዛሉ፣ ልባሱ ካለቀም መጥተው ሌላ ያሠራሉ። ያች መንጋጋ ጥርስ ግን እስከ ዛሬ አለች።

ከዚያ ወዲህ ከሜዳውም ከከተማውም የጆሮ ሥር ሕመም ያለባቸው መጡልን። ሁሉም የመገጣጠሚያ ሕመም አልነበረም፤ እውነትም የበሰበሰ ጥርስ የያዙ ነበሩ፣ እነሱን ነቀልን። አንዳንዱን ከአቅማችን በላይ ሆኖ ወደ ባሕር ዳር ላክን። ዶክተር ሙሉቀን ዛሬ በዕድሜ ምክንያት ወንበሩን ለእኔ ትተውልኛል፤ ልባስ ሲበስል ግን አሁንም መጥተው ይቆማሉ።

አዲስ ለሚገቡ ባልደረቦቼ የምነግራቸው ይህን ነው። ሕመሙ ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚዘል ከሆነ ጉጠት ከማንሣታችሁ በፊት ጡንቻውንና መገጣጠሚያውን ዳስሱ። ከታካሚው ጋር የሚያድረውንም ሰው ጠይቁ። የተነቀለ ጥርስ አይመለስም።