ጣሳና የጧፍ ፈትል

ያን ዘመን አንኮበር ላይ ሰው ጥላውን አያምንም ነበር። እኔማ ጭራሽ! ከደብረ ብርሃን ተመድቤ መጥቼ አራተኛ ክፍል ሳይንስ ሳስተምር፣ ዲሬክተሩ «እንደምን አደርክ» ሲለኝ እንኳ ምን ፈልጎ ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል እውል ነበር።

ሳይንስን በጠመኔ ብቻ ማስተማር ግን አይሆንልኝም። ልጅ በእጁ ያልነካውን ነገር በአንድ ጆሮው ቢያፈሱለት በሌላው ይወጣል። ስለ ድምፅ የምንማር ሰሞን ሁለት ባዶ የወተት ጣሳ መቀመጫቸውን በምስማር በሳሁና «ፈትል አምጡ» አልኳቸው። የመጣው ሁሉ እየተበጠሰ አስመረረን። በመጨረሻ አንዲት የቄስ ልጅ፣ እናቷ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ብላ ሰም ያጠጣችውን ፈትል ጠቅልላ ይዛ መጣች። እሱ ሆዬ ሲወጠር እንደ ክራር ጅማት ቀጥ አለ። አንዱ ልጅ ከግቢው ጫፍ ጣሳው ውስጥ ሲያንሾካሹክ ሌላው በወዲያኛው ጫፍ ሰምቶ ዘለለ።

«ጋሼ! ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ነው የሚያወራው!»

«ልብ በሉ» አልኳቸው። «ፈትሉ መወጠር አለበት። መሀል ላይ ጣት እንኳ ካረፈበት ድምፁ እዚያው ይሞታል።»

እኛንና ቀበሌውን የሚለየን አንድ አጥር ነው። ከአጥሩ ወዲያ ያለው የእህል መጋዘን እስር ቤት ሆኖ የዚያች ልጅ አባት እዚያ ታስሯል። ጥፋቱ? እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ትቶ ቅዳሴ መግባቱ። ከምግብ በቀር ከቤት የሚመጣ ነገር ለእስረኛ አይገባም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ግን ምን አፍ ነበረኝ!

በማግስቱ ጣሳዎቹ ከክፍል ጠፉ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አንድ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን እንዳነገተ መጥቶ «ሊቀመንበሩ ይፈልጉሃል» አለኝ። ማን ይሆን ያሳበቀብኝ? ዲሬክተሩ? ዘበኛው? ቤት ያከራየችኝ ሴትዮ? ቀበሌው ደጃፍ እስክደርስ ያልጠረጠርኩት ሰው አልነበረም።

ጠረጴዛው ላይ ጣሳዎቼ ከነፈትላቸው ተጋድመዋል። አንደኛው በአጥሩ ላይ ተወርውሮ መጋዘኑ ግድግዳ ሥር ነው የተገኘው።

«ጓድ መምህር» አለ ሊቀመንበሩ፣ «ከእስረኛ ጋር በሬዲዮ መገናኘት የጀመርከው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ሬዲዮ አይደለም፣ ጓድ ሊቀመንበር። የልጆች መማሪያ ነው።»

ፈትሉን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተው። «ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ይላል። ከመምህሩ ወደ ቄሱ በጧፍ ፈትል! አሃ!»

ማን እንደወረወረው ያኔ ገባኝ። ልጅቷ ናት፣ አባቷን ልታናግርበት።

«ይሠራል ካልክ እናየዋለን» አለ። «አንተ ግን ታታልለኛለህ። ፈትሉን ያመጣው ልጅ ይጠራና ይናገርበት፤ የምሰማው እኔ ነኝ። አንዲት የምስጢር ቃል ከወጣች ዛሬ ከቄሱ ጎን ታድራለህ።»

ልጅቷን አመጧት። ቀና ብላ አላየችኝም። እሷን ባሕር ዛፉ ሥር አቆሟት፤ ሊቀመንበሩ በሩ ላይ ቆመ፤ እኔን እጄን ወደ ኋላ አስደርገው መሀል ላይ ገተሩኝ።

«ፈትሉን ምንም እንዳይነካው፣ ጓድ። ከተነካ አይሰማም» አልኩ።

ጣሳውን ጆሮው ላይ ለጠፈ። እሷም አፏን በጣሳዋ ከደነች። የምትለው ለእኔ አይሰማም፤ ጉንጯ ግን ይንቀሳቀሳል፣ ይንቀሳቀሳል። ኧረ አንቺ ልጅ፣ ምነው ብታሳጥሪው! ሳይንስ አስተማሪው ሰውዬ በሆዴ የማውቃቸውን ታቦታት ሁሉ ጠራሁ። የሊቀመንበሩ ፊት አልተለወጠም። ብቻ አውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ተነሳና ፈትሉ ላይ አረፈ። እኔ አየሁት፤ ጠባቂው አላየም።

«ምንም አይሰማም» አለ ጣሳውን እያወረደ። ከዚያ ጠባቂው ላይ ጮኸበት። «ሬዲዮ ያልከኝ ይሄን ነው? የሕፃን መጫወቻ! ውሰዱልኝ ከዚህ!»

ነጻ ወጣሁ፤ ግን ደስ አላለኝም። ለምን ዋሸ? ሊያጠምደኝ ይሆን? ያን ጊዜ ከክፉ ነገር ይልቅ ደግ ነገር ያስፈራ ነበር። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ልጅቷን አስቆምኳት።

«ምን ብለሽው ነው?»

«አባዬ በነጠላ ብቻ ነው፣ በርዶታል፣ ጋቢውን አስገቡለት አልኩት።» ከዚያ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አልሰማኝም፣ አይደል ጋሼ?»

«እኔ እንጃ» አልኳት። እውነቴን ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጉሙ መስኮቱን ዘግቶት እያስተማርኩ ያው ጠባቂ በሩ ላይ ብቅ አለ። ልጆቹ አንገታቸውን ደፉ። አለቀልኝ አልኩ። ጠመኔውን አስቀምጬ ኮቴን ቆለፍኩ። እሱ ግን ወደ እኔ ዞርም አላለ።

«አንቺ የቄሱ ልጅ» አለ። «የአባትሽን ጋቢ አምጪ ተብለሻል።»

አሁን ቤት ድረስ ልትሮጥ ነው ስል፣ ጎንበስ ብላ ከዴስኳ ሥር የተጠቀለለ ጋቢ አወጣች። ለካ ከታሰረ ጀምሮ በየቀኑ ይዛው ትመጣ ኖሯል።