አባቴ ከጌታ ጋር የተኳረፈ ጊዜ

አባቴን ደንበኞቹ «ራዲዮ» ይሉታል። ፀጉር አስተካካይ ነው። ቶንዶሱን ከመሰካቱ በፊት አፉን ይከፍታል፣ ሰውየው ትከሻው ላይ የቀረውን ፀጉር እያራገፈ ሲወጣም ወሬው አላለቀም። ሱቁ ሁለት ወንበር፣ ጥጉ የተሰነጠቀ ትልቅ መስታወትና የፎጣ መስቀያ ብቻ ያላት ጠባብ ክፍል ናት። ከሰፈሩ ማዶ ድረስ እየመጡ የሚስተካከሉ ሰዎች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ መላጣ ናቸው። ለወሬው ነው የሚመጡት።

ጸሎቱም እንደ ወሬው ነበር። ገበታ ቀርቦ ሲጸልይ ከእኛ ይጀምርና ጎረቤቱን፣ ደንበኞቹን፣ የደንበኞቹን አማቶች ሳይቀር አዳርሶ እስኪመለስ ምግቡ ይቀዘቅዛል። እናቴ አንድ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ፣ «አንተ ሰው፣ ለሌሎቹ ከበላን በኋላ ብትጸልይላቸው ይቀየሙሃል?» ትለዋለች። እሱም ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ትዕግሥት እንዲሰጣት ጨምሮ ይጸልይላታል።

ሲኳረፉ ግን ቤታችን ፖስታ ቤት ይሆናል፤ ፖስተኛዋ እኔ ነኝ። «ለአባትሽ ንገሪው፣ ራት ቀርቧል» ትላለች እናቴ። አባቴ እዚያው ፊት ለፊቷ ተቀምጧል። «ለእናትሽ ንገሪያት፣ አልራበኝም» ይላል እሱ፤ ሆዱ ሲጮህ ግን ሁላችንም እንሰማለን። እኔ መሐል ቆሜ ሁለቱም የሰሙትን ነገር ደግሜ እናገራለሁ። ማን ቀድሞ በቀጥታ እንደሚናገር ነበር ትግሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸነፈው አባቴ ነው፤ ዝምታ አይችልም።

እናቴ ጉበቷን ታመመች። ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰዷት ካሉን በኋላ አባቴ ሱቁን ለሥራ ባልደረባው ትቶ አልጋዋ ሥር ተቀመጠ። ሲያጥባት፣ ሲያገላብጣት፣ ሾርባ በማንኪያ ሲያጎርሳት የራሱን ነገር ረሳ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነቃ አለችና ጺሙን አየችው። «ሂድ ተላጭተህ ና። ሽፍታ የሚያስታምመኝ ነው የሚመስለው» አለችው። ቀለደች ብሎ ደስታው ወሰን አጣ፤ ሮጦ ጓዳ ገባ። የሳሙናውን አረፋ ቀብቶ አንደኛውን ጉንጩን ብቻ እንደላጨ ጮኼ ጠራሁት። ሲደርስ አልፋለች። ግማሽ ፊቱ ነጭ አረፋ እንደሆነ፣ ምላጩን ይዞ፣ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

ለቀስተኛ ሲገባ ግማሽ ጺሙ እንዳለ ነበር፤ ሰው ደፍሮ አልነገረውም። ለቀብሩ እኔ ላጨሁት። ሁለት ቦታ ቆረጥኩት፣ «ኧረ» እንኳን አላለም።

ሰው ከተበተነ በኋላ እኔና አባቴ ብቻችንን ገበታ ቀረብን። ባለቤቴ የረጅም ርቀት ሾፌር ነው፤ ያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ስለነበር አባቴ ቤት ነበርኩ። እንደ ልማዳችን እንዲጸልይ ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅኩ። ስገልጥ እያየኝ ነው። «ለጌታሽ ንገሪው» አለኝ፣ «ፊቴን እስክለቃለቅ መታገሥ አቅቶት ነው ወይ? በይልኝ።»

ቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። ቀልድ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሁሉ በእኔ በኩል ሆነ። ጣራው ሲያፈስ፣ «ንገሪው፣ ዝናቡን የላከው ራሱ ነው፤ ጣራውንም ራሱ ይጠግን» ይላል። የእናቴን ልብስ አጣጥፈን ስናስቀምጥ፣ «ንገሪው፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ደስ ካለው» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከቤተ ክርስቲያን አንድ ሽማግሌ ሊያጽናኑት መጥተው «እግዜር ሲቆጣ በትር አይቆርጥም» እያሉ ብዙ ተናገሩ። አባቴ በአክብሮት አዳምጦ ሸኛቸው፤ በሩን ዘግቶ ወደ እኔ ዞረ። «ለጌታሽ ንገሪው፣ ሌላ ሰው ይላክ።»

ሳቄ መጣ፣ ግን አልሳቅኩም። ሱቅ ሲውልም ዝም ብሎ ነበር የሚያስተካክለው። ባልደረባው «ራዲዮው ባትሪ ጨርሷል» አለኝ፤ ደንበኞቹም አንድ በአንድ ቀሩ። ሁለት ጎርሶ ይነሣል። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ብሎት በገመድ ያስረዋል። አንድ ነገር ነበር የምፈራው፤ እንዳኮረፈ እናቴን ተከትሎ እንዳይሄድ። መልእክቶቹን በእውነት አደርስ ነበር። ሽንኩርት ስከትፍ፣ ልብስ ሳጥብ፣ «እንዲህ ብሎሃል፤ አትቀየመው» እላለሁ። ከራሴም እጨምራለሁ፤ እሱንና ሆዴ ውስጥ ያለውን ተውልኝ፣ ሌላ አልጠይቅህም እላለሁ።

ፊቱ ፈታ የሚለው ሆዴ ውስጥ ያለው ሲራገጥ ብቻ ነበር። መዳፉን አስደግፎ ይጠብቃል፤ ምቱ ሲመጣ፣ «ይሄ ደግሞ ወሬኛ ነው» ይላል። ያን ቀን ከወትሮው አንድ ጉርሻ ይጨምራል። ስለዚህ ልጁ ለእኔ ልጅ ብቻ አልነበረም፤ አባቴን ይዞልኝ የነበረው እሱ ነበር። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባላል፤ የእኔ አንድ ልጄንም አባቴንም የያዘ ነበር።

ልጁ አንድ ጠዋት ዝም አለ። ስኳር የበዛበት ሻይ ጠጣሁ፣ በጎኔ ተኛሁ፣ ሆዴን እያሻሸሁ ለመንኩት። ምንም። በእግሬ ሱቅ ሄድኩ። አባቴ ከሰው ጀርባ ቆሞ እየሠራ በመስታወቱ ውስጥ ፊቴን አየ። መቀሱን ለባልደረባው አቀብሎ ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ ታክሲ አስቆመ።

ሆስፒታል ውስጥ ሲስተሯ ቀዝቃዛ ቅባት ሆዴ ላይ ቀብታ የልጁን የልብ ምት የሚያሰማውን መሣሪያ አሳረፈችው። ወደ ግራ ወሰደችው፣ ወደ ቀኝ፣ ተጫነችው። ከመሣሪያው ሹክሹክታ የመሰለ ድምፅ ብቻ ይወጣል። ዓይኔን ሳታይ፣ ዶክተሩን ልጥራው ብላ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

አባቴን አየሁት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ መልእክት ሊሰጠኝ ነው። እኔ ግን ባዶዬን ነበርኩ።

«አባዬ፣ ዛሬ አላደርስም» አልኩት። «እኔም አኩርፌዋለሁ።»

ይህን አልጠበቀም። ከሁለት አንዳችን ካልተናገርን የሚናገር ሰው እንደሌለ የገባው ያኔ ይመስለኛል። የአልጋውን ብረት በሁለት እጁ ያዘ።

«ጌታ ሆይ» አለ። ድምፁ ሻክሯል። «እኔ ነኝ። ራሴ ነኝ። አልታረቅኩህም፤ ግን ይቺን ልጅ እያት። እባክህ። እባክህ።» ከዚያ በኋላ ያቺኑ «እባክህ» ብቻ ይደጋግም ጀመር። ራዲዮ የሚባለው ሰው ሌላ ቃል አጣ።

ዶክተሩ መጥቶ አየና ተናገረው። የልጁ ልብ ቆሟል አለን።

ያንኑ ልጅ አምጬ ወለድኩት። ስለ ምጡ አላወራም። የማያለቅስ ልጅ እንደሚወጣ እያወቁ መግፋትን ለጠላቴ አልመኝም። በመሐል አባቴን ሳስብ ደግሞ፣ በቃ አበቃ እላለሁ። አንገቱን ደፍቶ ለምኖ እንቢ የተባለ ሰው ከእንግዲህ እንኳን ከጌታ ከእኔም አይነጋገርም። ሁለቱንም በአንድ ቀን አጣኋቸው ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

ሲስተሯ ልጁን በፎጣ ጠቅልላ ደረቴ ላይ አደረገችልኝ። ወንድ ነው። ፀጉሩ ጥቁርና ብዙ ነው፤ ርሶ ግንባሩ ላይ ተለጥፏል። አባቴ ገብቶ ቆሞ አየው። ከዚያ ወደ ቧንቧው ሄደና እጁን በሳሙና እስከ ክርኑ ታጠበ፣ አደረቀ፣ ከጋውኑ ኪስ ማበጠሪያውን አወጣ። ያን ትንሽ ራስ በግራ መዳፉ ደግፎ ያበጥረው ጀመር። አልቸኮለም። በጎን ከፈለለት፣ ጆሮው ጋ የወጣችውን በጣቱ መለሳት፣ ሥራውን ለማየት ትንሽ ራቅ አለ። ሲጨርስ ቀና አለ። እኔን አይደለም ያየው።

«መጣልህ» አለ። «ለምን እንደሆነ አይገባኝም፤ ብትነግረኝም የሚገባኝ አይመስለኝም። ሴትዮዋ አንተ ጋ ናት፤ ለእሷ ስጣት።» እንባው አገጩ ላይ እየተንጠባጠበ ነው። «ልጁ ከስቷል ብላ ትጨቀጭቅሃለች። ቻላት። እኔ ስንቱን ዓመት ችያታለሁ።»

ሳቅኩ። እግዜር ያውቃል ከየት እንደመጣ፣ ሆዴን እየቆረጠኝ ሳቅኩ። እናቴ ጌታን ስትጨቀጭቀው ታየችኝ፤ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። አባቴም ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ይሳቅ ያልቅስ አላውቅም። ሲስተሯ ደንግጣ መጋረጃውን ገለጠች፣ አየችንና መልሳ ዘጋችው። ሳቁ ሲያልቅ ሥሩ የነበረው ለቅሶ መጣ፤ ልጄን አቅፌ እንዳቅሜ ጮህኩ።

ጩኸቴ ሲደክም አባቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እጄን ያዘ።

«አሜን በይ» አለኝ።

«አልችልም አባዬ። ከልቤ አይወጣም።»

አልተቆጣኝም፣ አልመከረኝም። «እሺ» አለ። «እስክትችይ ድረስ ላንቺም እኔ እላለሁ።»

አሜን አለ። ትንሽ ቆየና ደግሞ አሜን አለ።