የሐጂ አብዱልሰመድ ተከራይ

ልብስ ሰፊዋ ዘይቡ ሰው አትፈራም ይባላል። ውሸት ነው። ትፈራለች፤ ብቻ ፍርሃቷ ሁልጊዜ አንድ ቀን ዘግይቶ ይመጣል። እስኪመጣ ድረስ አፏ የሚለውን ብሎ ጨርሷል። በጅማ አካባቢ ከሸቤ መለስ ብላ በምትገኘው በትንሿ የቡና ከተማ በኦዳ በር ተወልዳ፣ አባቷ ትተውላት በሞቱት የስፌት መኪና የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ሃምሳ ስድስት ዓመት ሞላት። ባሏ ካረፈ ወዲህ ደግሞ የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ናት። ሽማግሌዎቹ ሴት ጸሐፊ ስትሾም አጉረምርመው ነበር፤ የእጅ ጽሑፏን ሲያዩ ዝም አሉ።

በእድሩ እስላሙም ክርስቲያኑም አለበት። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፣ ከየቤቱ አንድ ጉልበት ይወጣል። ወንዱ መቃብር ይቆፍራል፤ ሴቷ ውሃ ትቀዳለች፣ ለቅሶ ቤት ታግዛለች። ከቀብር መልስ ዘይቡ ድንኳኑ በር ላይ ቆማ ማን እንደተገኘ ትመዘግባለች። የቤት ባለቤቶቹ ታዲያ ብልጦች ናቸው፤ ዶማ የሚያስጨብጥ ነገር ሲመጣ ወገቤን ይሉና ተከራያቸውን ይልካሉ። የዚህች ከተማ ሙታን ግማሾቹ የተቀበሩት ለቡና ለቀማ መጥተው በቀሩ ሰዎች እጅ ነው።

ምርጫው ሁለት ወር ሲቀረው ቀበሌው በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የነዋሪነት መታወቂያ የሌለው ሁሉ እስከ ዓርብ ድረስ የከተማዋ ነዋሪ መሆኑን በማስረጃ ያረጋግጥ፤ ያላረጋገጠ ከመዝገብ ይወጣል፣ የመራጭነት ካርድ አያገኝም፣ ቤት ያከራየውም ሰው ይጠየቃል ይላል። ሰዉን ያስደነገጠው የመጨረሻው ቃል ነው። በነጋታው ሐጂ አብዱልሰመድ፣ ሦስት ክፍል የሚያከራዩት የእድሩ ሊቀመንበር፣ ተከራያቸውን ተናኘን ጠርተው ወረቀት ካላመጣሽ ሰኞ ቤቱን ልቀቂልኝ አሏት።

ተናኘ ከጎጃም ለለቀማ ከመጣች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ልጇ መቅደላዊት እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ትማራለች። አዲስ መታወቂያ ለማውጣት ከትውልድ ቀበሌዋ መሸኛ ያስፈልጋታል፤ ያ ጽሕፈት ቤት ግን በአገሯ በተነሳው ግጭት ከነመዝገቡ ተቃጥሏል። ከአመድ መሸኛ አይወጣም። ተናኘ ይህን ለዘይቡ የነገረቻት የልጇን ዩኒፎርም ልታሳጥር መጥታ፣ ቆማ ነው፤ ዘይቡም መቀሱን አስቀምጣ በዚያው እግሯ ቀበሌ ሄደች።

የቀበሌው ሰብሳቢ ወጣት ነው፣ ዘይቡ ዩኒፎርም የሰፋችለት።

"የእድር መዝገብ ማስረጃ ይሆናል ወይስ አይሆንም?" አለችው።

"ስማቸው ካለበትና ማኅተም ካለው ይሆናል፣ አዴ ዘይቡ" አላት።

"ኤዬ! ስምም አለ፣ ማኅተምም አለ።"

እንዲህ ብላ ነው ነገሩን በገዛ አንገቷ ያጠለቀችው። በዚያ ሳምንት ቤት ለቤት ዞራ መታወቂያ የሌላቸውን አሥራ ስድስት ተከራዮች ሰበሰበች። በሱቋ ውስጥ የሚቀመጡበት ጠፍቶ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ስም የሌለው ድምፅ የለውም፣ ድምፅ የሌለውን ደግሞ ማንም እንደፈለገ ያወጣዋል፤ ዓርብ ሁላችሁም ኑ፣ መዝገቡ ይናገርላችኋል አለቻቸው። ወሬው ከተማውን ሲያዳርስ አንዲት የእድር ጓደኛዋ ሰላምታ ነሳቻት። አንድ ሰው ደግሞ ከሞተር ሳይክሉ ሳይወርድ "ለማን ድምፅ ነው የምትሰበስቢው?" ብሏት አለፈ። ዘይቡ ምን የመሰለ መልስ ሰጠችው፤ እዚህ መጻፍ ግን ነውር ነው።

ሐሙስ ቀትር ላይ ስማቸውን ነቅሳ ልታወጣ መዝገቡን ከፈተች። የዛሬ አሥር ዓመት፣ የስጋ ሻጩ የቲጃኒ አባት ቀብር፦ "የሳቢሃ ተከራይ፣ ተገኝቷል።" ገጽ ገለበጠች። "የሐጂ አብዱልሰመድ ተከራይ፣ ተገኝታለች።" ሌላ ገለበጠች። ተከራይ፣ ተከራይ፣ ተከራይ። ከአሥራ ስድስቱ የአንዳቸውም ስም የለም። ጽሑፉ ደግሞ ያ የተመሰገነው የራሷ ጽሑፍ ነው። በቀን አሥሬ በስም የምትጠራቸውን ሰዎች እስክሪብቶ ስትይዝ ረስታቸዋለች።

በዚህ መሐል ሐጂ በሱቁ ሲያልፉ ገብተው ፊቷን አዩ።

"ተዪው ዘይቡ" አሏት ቀስ ብለው። "ከመንግሥት ጋር መዝገብ አትማዘዢ። እኔንም ታስጠይቂኛለሽ።"

"ሐጂ፣ እርስዎ ነገ ቆመው ይቺ ተከራዬ ናት፣ አውቃታለሁ ቢሉስ? አንድ ቃል ነው።"

"ያ ረቢ! ሰኞ ድረስ የሰጠኋት መች አነሳትና" ብለው ወጡ።

ዘይቡ ሱቁን ከውስጥ ዘጋች። የእናቷ ቀብር የተመዘገበበትን ገጽ አወጣች። ያን ቀን ተናኘ ከንጋት እስከ አሥር ሰዓት ከምንጭ ውሃ ስታመላልስ ውላለች፤ አስከሬኑ የታጠበው እሷ በቀዳችው ውሃ ነው። ዘይቡ መዝገቡ በተጻፈበት በዚያው በሰማያዊ ቀለም "ተከራይ" በሚለው ላይ ደጋግማ ጽፋ "ተናኘ" አደረገችው። ወደ ሁለተኛው ስም ልታልፍ ስትል ዓይኗ ተመለሰ። አሮጌው ቀለም ገርጥቷል፤ አዲሱ ያበራል። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ ቀለም ግን ከፈሰሰ አይለቀምም። በምራቅ ልታደበዝዘው ሞከረች፣ ባሰበት። ሌሎቹን ሳትነካ መዝገቡን ዘጋችው፤ ለነገ ከእሱ ሌላ ማስረጃ ግን አልነበራትም።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የቀበሌው አዳራሽ ሞላ። ከአሥራ ስድስቱ አንዱ ፈርቶ ጠዋት በሚኒባስ ወደ ጅማ ሄዷል፤ አሥራ አምስቱ ከፊት ተቀምጠዋል። ሐጂ ከኋላ ወንበር ላይ ሙስባሃቸውን ይቆጥራሉ። ሰብሳቢው መዝገቡን ገልበጥ ገልበጥ ሲያደርግ ዘይቡ ዓይኗን ከጣቱ አልነቀለችም። ከሺህ መስመር ያቺን አንዷን ባያያት ብላ ዱዓ አደረገች። አያት።

"እዚህ ላይ 'ተናኘ' ይላል" አለ ጣቱን አሳርፎ። "ተናኘ ማን?"

ዘይቡ አፏን ከፈተች። የተናኘን የአባት ስም አታውቀውም። ወደ ተናኘ ዞራ ልትጠይቃት ፈለገች፣ ሰው ሁሉ እያየ እንዴት ትጠይቅ። ተናኘም አቀርቅራ ጣቶቿን ታያለች።

"ቀለሙም አዲስ ነው፣ አዴ ዘይቡ። መቼ ነው የጻፉት?"

"ትናንት" አለች። አዳራሹ ጉም ጉም አለ። "ማሎ፣ እባክህ ልጄ፣ አስጨርሰኝ። ይቺን ትናንት ጻፍኳት፣ አጠፋሁ። ትልቁ ጥፋቴ ግን ይሄ አይደለም። እነዚህ ሰዎች አሥር ዓመት ሙሉ ሬሳችንን ሲቀብሩልን እኔ ተከራይ፣ ተከራይ እያልኩ ጻፍኳቸው። ስማቸውን እኔ ነኝ ያጠፋሁት። መዝገቡን ተወው። አሁን የሞቱትን አንድ በአንድ እጠራለሁ፤ የሞተበት ሰው ካለ ማን እንደቀበረለት ይናገር።"

ሰብሳቢው ሳይፈቅድላት ጠራች፤ የቲጃኒን አባት። ማንም አልተነሳም። ሁለተኛ ጠራች። ቲጃኒ ስጋ ሻጩ ግራ ቀኙን አይቶ ተነሳ።

"ወላሂ፣ የአባቴን መቃብር ለሕዱ ሳይቀር የቆፈረው እሱ ነው" አለ እያመለከተ። "ሙርሺድ ሸኩር ይባላል። በዝናብ ነበር።"

ከዚያ ሳቢሃ የባሏን፣ ቆንጂት የወንድሟን እያሉ አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ተነሳ። አንዳንዱ ስም ጠፍቶት ከጎረቤቱ እየጠየቀ፣ አንዱም ተሳስቶ ተከራዩ ራሱ እያረመው፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ የአሥራ አራት ሰዎች ስም ተነገረ። ጸሐፊው ከነአባት ከነአያት መዘገበ። ለተናኘም ሦስት ሴቶች ቆመውላት ነበር፤ ሰብሳቢው እጁን አነሳ።

"የእሷን እዚህ ማየት አልችልም። ስርዝ ድልዝ ያለበት ማስረጃ ቀርቦላታል። ወደ ጅማ አቤት ትበል።"

"እሷ ምን አደረገች? እኔን ጠይቁኝ!" ብላ ጮኸች ዘይቡ።

"እርስዎማ ይጠየቃሉ" አላት። ሐጂ አብዱልሰመድ በዚህ መሐል ውልቅ ብለው ወጥተዋል።

ሲወጡ አሥራ አራቱ እየተሳሳሙ ነበር። ዘይቡ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፣ ግን ደስ አላላትም፤ ቀድማ ልታድናት የፈለገቻትን አንዷን በእጇ አውጥታ ጥላታለች። ተናኘ ቀድማት ሄዳ ነበር። ከቡና ማበጠሪያው አጥር ጋ ደረሰችባት።

"ሰኞ ከልጅሽ ጋር እኔ ቤት ትገቢያለሽ" አለቻት እያለከለከች። "ያስጠይቀኝ፣ ግድ የለም። በማግስቱ ጅማ አብረን እንሄዳለን።"

"እሺ" አለች ተናኘ። ጥቂት እርምጃ ሄዳ ደግሞ "እትዬ ዘይቡ፣ ስለትናንቱ አልተቀየምኩሽም፤ ለእኔ ብለሽ ነው። ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለምን ስሜን አልጻፍሽውም?" አለቻት።

የእድሩ ደንብ ነው ማለት ይቻል ነበር። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጽፈው ማለትም ይቻል ነበር።

"ተከራይ ነገ ይሄዳል ብዬ ነው" አለች ዘይቡ።

"እኔ እኮ አልሄድኩም።"

ዘይቡ አፈረች። እናቷ ስትሞት ውሃ ስታመላልስላት የዋለችውን ሴት ቀና ብላ ማየት አቃታት። ዓይኗን መሬት ላይ እንደተከለች፣ ለአቤቱታው የአባትሽንና የአያትሽን ስም ንገሪኝ አለቻት። አጥሩን እስኪጨርሱ ድረስ ጎን ለጎን ሄዱ።

"አባቴ ውበቴ" አለች ተናኘ በመጨረሻ። "አያቴ አለኸኝ።"