እትዬ እንጉዳይ ያላመኑት አራት ሰዓት

እትዬ እንጉዳይን መዋሸት አይሞከርም። እዚህ እስራኤል፣ አሚሻቭ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ናቸው፤ ወተት ሲገዙ እንኳ የሚበላሽበትን ቀን ሁለት ጊዜ ያነባሉ። መርዶ ማርዳትም ያውቁበታል። ከጎንደር የሞት ወሬ ሲመጣ ለባለ ሐዘኑ በስልክ እንደማይነገር፣ መጀመሪያ «ትንሽ አሞታል» እንደሚባል፣ ከዚያ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ በር እንደሚያንኳኳ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

አንድ ሐሙስ ልጃቸው ሳሪት፣ እናቷን በዕብራይስጥ እየጠራች፣ «ኢማ፣ አጎቴ ያለው ትንሽ አሞታል። እሁድ እንሄዳለን፤ ትኬት ቆርጫለሁ» ስትላቸው እኔም እዚያው ነበርኩ። ያለው የሚባለው ጎንደር የቀረ ብቸኛ ወንድማቸው ነው። ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ።

«መንገዱ ስንት ሰዓት ነው?»

ሳሪት ስልኳን አሳየቻቸው። «ከቴል አቪቭ አዲስ አበባ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ። በአውሮፕላን አራት ሰዓት ነው፤ ከዚያ ጎንደር ቅርብ ነው። በሰደር? ተስማማን?»

«አራት ሰዓት ብቻ ከሆነ፣ ስለምን አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሩቅ ነው ስትሉኝ ኖራችሁ?»

ልጅቱ ስልኳን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እውነቱን ለመናገር እኔም ደነገጥኩ።

ከዚያ ምርመራው ተጀመረ። ሳሪት ከሥራ ፈቃድ የወሰደችው ለአሥር ቀን ነው፤ ለትንሽ ሕመም አሥር ቀን? በማግስቱ የአጎታቸው ልጅ አለኸኝ ብቅ አለና የቀረበለትን ሳይቀምስ፣ ዓይናቸውን ሳያይ ሄደ። ሳሪት ደግሞ ስልክ በተደወለ ቁጥር ወደ በረንዳ ትወጣለች። እሁድ ጠዋት ሻንጣው በር ላይ ቆሞ ሳለ እትዬ እንጉዳይ መሬት ላይ ቁጭ አሉና ደረታቸውን መቱ።

«ወንድሜ ሞቷል! እኔን ልታታልሉኝ? ይህን ዘዴ በስንቱ ላይ የሠራሁት እኔ አይደለሁም?»

ሳሪት «በሕይወት አለ ኢማ፣ እምላለሁ» እያለች አለቀሰች፤ ጎንደር ብትደውልም መስመሩ እምቢ አላት። እኔም ለመንኳቸው፤ በልቤ ግን ከእሳቸው ጋር ነበርኩ። እኛ «ደህና ነው» ብለው ሲምሉልን ነው የምንፈራው። አውሮፕላኑ ትቷቸው ሄደ፤ ጎረቤት ለልቅሶ መጣ።

ማክሰኞ ስልኩ ጠራ። ቪዲዮው ላይ የታየው ወንድማቸው ራሱ ነበር፣ ከስቶ፣ ትራስ ተደግፎ።

«እንጉዳይ፣ እሁድ ስጠብቅሽ ዋልኩ። አልቅሰሽልኝ ጨረስሽ አሉኝ።»

ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት። «መጣሁ፣ መጣሁ ወንድሜ! አራት ሰዓት ነው» አሉት። የአውሮፕላን ቦታ የተገኘው ግን ለሐሙስ ነው።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ሳሪት ብቻዋን ገባች። ሽማግሌ አልጠራችም፣ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም። እናቷ ፊት ተንበረከከችና፣ «ኢማ፣ አጎቴ አረፈ» አለች።

እትዬ እንጉዳይ አላለቀሱም። ልጃቸውን ትክ ብለው አዩዋት።

«ደውይለት» አሉ። «ራሱ ይንገረኝ።»