ስጦታው አርፏል

ጥሩአየሁ ቢቸና ተቀምጣ ለሕፃናት ገንዘብ ስትለምን ፀጉሯ ሸበተ። የወረቀት ማዕረጓ «የለጋሾች ግንኙነት ኃላፊ» ነው፤ እሷ ግን «ባለ ኢሜይል ለማኝ ነኝ» እያለች ትስቅ ነበር። ዘንድሮ ሳቁም ቀረ። ለጋሾቹ በጀት ተቆረጠ እያሉ ተራ በተራ ተሰናበቱ። የሞጣውን የሕፃናት መመገቢያ ጣቢያ የያዘ አንድ የውጭ ማኅበር ብቻ ቀረ፤ እሱም አንድ እግሩን አንስቷል።

በዚያው ሰሞን፣ ፎቶው በማኅበሩ ድረ ገጽ የወጣው ስጦታው የሚባል ሕፃን ታመመ። የማኅበሩ ሰዎች እንዴት ሆነ ብለው ቢጠይቋት፣ ጥሩአየሁ ለጣቢያው ነርስ ለአለበል ደወለች። መስመሩ ይቆራረጣል።

«ሲያስመልሰው አድሮ፣ አሁን አርፏል» አላት።

ለእሷ የደረሳት የመጨረሻው ቃል ብቻ ነው። እያለቀሰች «ሞተ» ብላ ጻፈች። ልጁ ግን ትውከቱ ጋብ ብሎለት ተኝቶ ነበር።

በማግሥቱ ለአለበል ደግማ ደውላ ስህተቷን ስታውቅ የማኅበሩ መልስ ቀድሟታል፦ ለስጦታው መታሰቢያ ሲባል የጣቢያው ድጋፍ ይቀጥላል። ማስተባበያ ጻፈችና አጠፋችው። ደግማ ጻፈች፤ ደግማ አጠፋች። እዚያ የሚበሉት ልጆች ፊቷ ድቅን እያሉ አላስልክ አሏት። በሥራዋ ፈርታ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን ፈራች።

ከዚያ የስጦታው የመታሰቢያ ፎቶ ከማኅበሩ መጣ፤ ጥቁር ፍሬም፣ ከሥሩ የልደትና የሞት ቀን። ይሰቀል ተብሏል፤ የማኅበሩ እንግዶችም ሊያዩት በመንገድ ላይ ናቸው። ጥሩአየሁ ራሷ ይዛው ሞጣ ሄደች።

ፎቶው ሲሰቀል ስጦታው ገንፎውን እየበላ ቀና ብሎ አየው። አለበል በስሙ ጠራው። ልጁ አልዞረም። ደግሞ ቢጠራው፣ «ያውልህ» የሚል ይመስል ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀሰረ።

ጥሩአየሁ እናቱን ባንቺዓለምን ለብቻዋ ወስዳ ሁሉንም ነገረቻት። እንግዶቹ እስኪሄዱ ልጁን ደብረ ወርቅ፣ ዘመዶቿ ዘንድ እንድታቆየው ለመነቻት።

«እምቢ ካልሽ እውነቱን እጽፋለሁ፤ አልቀየምሽም። ጣቢያው ግን ይዘጋል።»

ባንቺዓለም ወደ ውጭ አየች። በመስኮቱ ጎረቤቶቿ ልጆቻቸውን ሲያጎርሱ ይታያሉ።

«እወስደዋለሁ» አለች ኋላ። «ብቻ ሌላ ስም ያውጡለት። በዚህኛው ብጠራው፣ ማን አቤት እንደሚለኝ እንጃ።»