የምታንጠባጥበው መኪና

በዛብሽ ሞጣ መናኸሪያ ሻይ ትሸጣለች። ከብቸና እህል ጭኖ የሚመጣውን ሾፌር ስሙን እንኳ ሳታውቅ በአሮጌ መኪናው ትቀናለች።

ገና እንደወረደ አጎንብሶ ከሞተሩ ሥር ያያል፤ ዘይት ጠብ ጠብ ካለ ፊቱ ይፈካል።

«ለምን አታሠራትም?» ብትለው፣

«ማንጠባጠቧ ጤናዋ ነው፣ እቴ! ስትደርቅ ነው የሚያስፈራው» አላት።

ሲመሽ ጋቢውን ገፎ ሞተሩን ያለብሳል። የቀለበት ምልክት ብቻ በቀረበት ጣቱ እየዳበሰ «ብርድ አይስማማትም» ይላል፤ እሱ ራሱ በካኪ ኮቱ እየተንቀጠቀጠ።

በዛብሽ መሐረብ ጠልፋ ሰጠችው። መረቃት። በማግስቱ ኮፈኑን ከፍቶ በዚያው መሐረብ ሞተሩን ሲወለውል አገኘችው።

ያን ለት፣ ከቀበሌ ራሽኗ የምትጨምርለትን ስኳር ነፍጋ ሻዩን ባዶውን ሰጠችው። ዓይኑን ከመኪናው ሳይነቅል ጨለጠው።

«ሻይሽ መቼም ይጣፍጣል» አላት።