ፀሐይ ሬዲዮውን ዝም ያሰኘች ዕለት

ባለፈው ሳምንት ቸርችል ጎዳና አንድ ባንክ ገብቼ ወረፋ ስጠብቅ፣ ባንኮኒው ላይ ያለችው ልጅ «ሲስተም የለም፣ እናቴ» አለችኝ። ከኋላዬ የቆመ ጎረምሳ ስልኩን እየነካካ «የፀሐይ ማዕበል ነው አሉ» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። በዚህችው ፀሐይ ጦስ ወንድሜን ላጣው ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ዶሮ ማነቂያ ከታላቅ ወንድሜ ከሰይድ ጋር እኖር ነበር፤ እናትና አባታችን ስለሞቱ ያሳደገኝ እሱ ነው። ሰይድ ሬዲዮ ጠጋኝ፣ እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ። «ምላስሽ ከመበየጃዬ የባሰ ይተኩሳል» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው።

ወሩ ጥር ነበር፤ ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና የለችም። የፊዚክስ አስተማሪያችን ፀሐይን በዓይን ማየት እንደሚያሳውር አስጠንቅቆ፣ በርቀት መነጽር አሳልፈን ምስሏን ነጭ ወረቀት ላይ እንድንጥል አስተምሮን ነበር። እኔም አንድ ዓይኑ የተሰበረ መነጽር ግቢያችን ውስጥ በርጩማ ላይ አስሬ፣ የስኒ አፍ የምታህል ፀሐይ ወረቀት ላይ ጣልኩ። ፊቷ ላይ ጥቁር አዝሙድ የመሰሉ ነጥቦች ነበሩ፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ፈቀቅ ይላሉ። ለካ እሷም በራሷ ዛቢያ ትዞራለች! ጎረቤታችን እማማ ተዋበች መጥተው አዩና «ወይ ጉድ፣ እሷም ማድያት አላት?» አሉ።

ያን ጊዜ እሁድ እሁድ እኩለ ቀን ላይ፣ ከየቤቱ አንድ ሰው ቀበሌ አዳራሽ ሄዶ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር በአጭር ሞገድ የሚተላለፈውን የአማርኛ ፕሮግራም ማዳመጥ ግዴታው ነበር። የቀበሌውን ሬዲዮ የጠገነው ሰይድ ነው። አንድ እሁድ እንግዶች ከበላይ አካል መጥተው ነበር። ሬዲዮው ገና «ውድ አድማጮቻችን» ከማለቱ ጭጭ አለ። ሰይድ ጀርባውን ከፍቶ ቢፈትሽ ምንም የተበላሸ ነገር የለም። የቀበሌው ሊቀመንበር «አሻጥር ነው!» ብሎ አስያዘው። (ይህን ሰው አንቱ ልለው እስከ ዛሬ አፌ እሺ አይለኝም።) ሰይድ ከታሰረ በኋላ ሬዲዮው በራሱ ጊዜ ነፍስ ዘርቶ መጮህ ጀመረ። ይሄ ደግሞ ይባስ ብሎ ማስረጃ ሆነበት፤ «አያችሁ? ሲያዝ ለቀቀው!» ተባለ።

በማግስቱ ከሰዓት ሕዝብ ፊት ሊያቀርቡት ሆነ። ጥፋቱን ካላመነ ወደ በላይ ይተላለፋል። ከሰፈራችን ወደ በላይ ተላልፎ የተመለሰ ወጣት አላየንም። ጠዋት ፒያሳ ትኩስ ፓስቲ ገዝቼ ወሰድኩለት። «ያላጠፋሁትን አላምንም» አለኝ። «እንዳታምን!» አልኩት። ቤት ስገባ ግን ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። እጄን አወጣሁ።

«ጥፋቱ የፀሐይ ነው» አልኩ። አስተማሪያችን እንደነገረን፣ ነጥቦቹ ያሉበት ቦታ የማግኔት ኃይል የተቋጠረበት እንደሆነ፣ ቋጠሮው ሲፈነዳ የሚወጣው ጨረር በስምንት ደቂቃ እዚህ እንደሚደርስ፣ ከሰማይ ነጥሮ የሚመጣው አጭር ሞገድ በዚያ ጨረር የተነሳ እዚያው ላይ ተውጦ እንደሚቀር አስረዳሁ።

ሊቀመንበሩ ፈገግ አለ። «ጓዲት፣ ፀሐይ ፀረ አብዮተኛ ናት እያልሽን ነው?»

«እኔ እንጃ። ቀበሌያችን ውስጥ አልተመዘገበችም።»

አንዳንዱ ሳቁን ለማፈን ከንፈሩን ነከሰ። ሊቀመንበሩ «ማስረጃ አምጪ!» ብሎ ጮኸ።

ማስረጃውማ ሰው ሁሉ ቤት ነበር። በዚያች ሰዓት በአጭር ሞገድ የሚሰማ የየትኛውም አገር ጣቢያ ዝም ብሏል። ይህን ለመመስከር ግን «የውጭ ጣቢያ አዳምጥ ነበር» ማለት ሊኖርብህ ነው፤ እሱም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ሰፈራችን ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሬዲዮ የማይሰማ አልነበረም፤ አሁን ግን ሁሉም አቀርቅሮ ጫማውን ያያል። ንድድ አለኝ።

«ትናንት እኔ ቤት ቁጭ ብዬ የውጭ ጣቢያ እሰማ ነበር። የእኔም ጭጭ ብሏል!» አልኩ።

በሩ ላይ የቆመው አብዮት ጠባቂ መሣሪያውን አንግቶ ወደ እኔ ሲመጣ፣ እማማ ተዋበች ምርኩዛቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ። «የኔም ዝም ብሏል። ጋኔን ገባበት ብዬ ጸበል ሁሉ ረጨሁበት። በል እኔንም ውሰደኛ!»

ከኋላ አንዲት ሴት «የኛም» አለች። ቀጥሎ ሌላዋ ተነሳች። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን ደበደበ፤ «የውጭ ጣቢያ የሰማ ሁሉ አሁኑኑ ይመዘገባል!»

ይሄኔ ከፊት ወንበር ሚስቱ እትዬ አልማዝ ተነሱ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ረጋ ብለው «እንግዲያው ከእኛ ቤት ጀምር» አሉት።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰይድ በዚያው ዕለት «ለጊዜው» ተብሎ ተለቀቀ፤ ያ «ለጊዜው» ይኸው እስከ ዛሬ አላለቀም፤ ሰይድ የልጅ ልጅ አይቷል።

ይህን ስተርክ «ወንድምሽን ሳይንስ አዳነው» የሚሉኝ አሉ። ውሸት ነው። ሳይንሱን ተናግሬ ከጨረስኩ በኋላም ሰይድ እንደታሰረ ነበር። ያስፈቱት ከወንበራቸው የተነሱት ሴቶች ናቸው። ዛሬም «እኔ ብቻዬን ተናግሬ ምን አመጣለሁ?» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። ተነሣ እንጂ! ሳትነሣ ብቻህን መሆንህን ማን ነገረህ?